የእህቴ ደም የቆመበት ዓመት

እህቴ ወንበር ላይ አልቀመጥም አለች። ከዳባት በላይ ካለው መንደሯ እስከ ዋናው መንገድ በበቅሎ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ድንች በጫነ ማኪና ላይ ተንገላታ ጎንደር ቤቴ ስትደርስ የበሩን መቃን ይዛ ቆመች። ወንበር ሳብኩላት። እሷ ግን ይዛው የመጣችውን አጎዛ ግድግዳ ሥር አንጥፋ ቁጭ አለች።

«ምነው እትዬ፣ ወንበሩ እያለ?» አልኳት።

«ይኸ ይሻለኛል፤ ወገቤን ደገፍ ያደርግልኛል።»

እህቴ የእናታችን የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ እኔ የመጨረሻዋ። እናታችን እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ስላረፈች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ራሷ ፊደል ሳትቆጥር፣ እኔ ከተማ ወርጄ እንድማር አባታችንን ተሟግታ ያስፈቀደችልኝም እሷ ናት። ያ ዘመን ደርግ ወጣቱን ለብሔራዊ ውትድርና የሚመለምልበት ጊዜ ነበር። እኔ አንደኛ ደረጃ አስተምራለሁ፤ እሷ ገበሬ አግብታ አራት ልጆች ወልዳለች፤ ዕድሜዋም አርባን አለፍ ብሏል። ብርቱ ሴት ነበረች። ከወንድ እኩል ታጭዳለች፤ የሞላ እንስራ አዝላ ዳገት ስትወጣ ጨዋታዋን አታቋርጥም። ያን ቀን ግን ከበሩ እስከ ግድግዳው ለመድረስ መሀል ላይ ቆማ መተንፈስ አስፈለጋት። ከንፈሯ ነጥቷል። እጇን ስጨብጣት በረዶ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ጓሮ ስወጣ ጨርቅ ስታጥብ አገኘኋት። የሳፋው ውሃ ቀይ ነበር። በነጠላዋ ልትሸፍነው ሞከረች፤ ወዲያው ግን ተወችው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ካለፈው ጥምቀት ወዲህ።» ጊዜው ኅዳር ነበር። «የሴት ነገር ይመጣል፣ ይሄዳል። የእኔ ግን መጥቶ መሄዱን ረሳ።»

ሳፋውን አስቀምጣ ነገረችኝ። መጀመሪያ ወሯን ጠብቆ ይመጣና ከልክ በላይ ይፈስ ነበር፤ የረጋ ደም እንደ ጉበት እየተቆረሰ ይወርዳል። በኋላ ወሩንም መጠበቅ ተወ። የጎረቤት ሴቶች «እያረጥሽ ነው፣ ማረጥ እንዲህ ያደርጋል፣ ታገሺው» አሏት። የተልባ ውሃ ጠጣች። ደብተራ የጻፈላትን ክታብ አንገቷ ላይ አሰረች። ቤተ ክርስቲያን መግባት ቀረ።

«የልጄ ልጅ ክርስትና ሲነሳ» አለች፣ «እኔ ከቅጥሩ ውጪ የጥዱ ዛፍ ሥር ቆሜ ቅዳሴውን በጆሮዬ ሰማሁ። ሴቶቹ ወጥተው ሕፃኑን ሲያሳዩኝ እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ።»

«ባለቤትሽስ ምን ይላል?»

«ምንም አይል። እሱ ነው የሚከብደኝ። ከደጅ መደቡ ላይ ይተኛል፤ ጠዋት ደህና አደርሽ ወይ ብሎ ወደ በሬዎቹ ይሄዳል።»

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር የይለፍ ወረቀት ሲሰጣት ጎንደር ምን ልትሠራ እንደምትሄድ ጠይቋት ነበር።

«ለወንድ ምን ብዬ ልንገረው?» አለችኝ። «ጥርሴን ልነቀል ነው አልኩት።»

ሳልፈልግ ሳቄ አመለጠኝ። እሷም ሳቀች፤ ከመጣች ጀምሮ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያው ነበር። «እንግዲያው ተነሺ፣ ጥርስሽን እናስነቅለው» አልኳትና ሆስፒታል ወሰድኳት።

ሐኪሙ ወንድ ሆነ። እህቴ ይህን አላሰበችም ነበር። ነጠላዋን አጥብቃ ይዛ ወደ በሩ ዞረች። አብራው የምትሠራዋ ሲስተር ጸጉሯ የሸበተ፣ ከእሷ በዕድሜ የምትበልጥ ሴት ነበረች፤ አልተቆጣቻትም።

«የኔ እመቤት፣ ሴት ሐኪም ቢኖር ደስ ባለኝ» አለቻት። «የለም። እኔ ግን ከአጠገብሽ አልነቃነቅም። ዓይንሽን ጨፍነሽ እጄን ያዢ።»

እህቴ እጇን ያዘች። በኋላ ሲስተሯ ጣቶቿን እያፍታታች «እጄን ሰበርሽው እኮ» ስትላት ሰማሁ።

ሐኪሙ እጁን ታጥቦ ሲጨርስ ከፊታችን ተቀመጠ። የማይቸኩል ሰው ነበር። ደሟ በጣም ማነሱን፣ እንዲህ ሆና በእግሯ መምጣቷ እንደሚገርመው ነገራት። ከዚያም ማህፀኗ ላይ በእጁ የሚዳሰስ ዕጢ እንዳለ ተናገረ።

የጠየቅሁት እኔ ነኝ። «ነቀርሳ ነው?»

«እንዲህ ያለው ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ነቀርሳ አይደለም። ግን ሳላይ አልምልም። ከማህፀኗ ውስጥ ጠረግ አድርገን ናሙና እንወስዳለን፤ አዲስ አበባ ሄዶ ይታያል። እስከዚያ ደም መፍሰሱን የሚቀንስ ክኒን፣ ደሟን የሚተካ ክኒን እንሰጣታለን። ከሁሉ በፊት ግን ደም ያስፈልጋታል። ከቤተሰብ የሚሰጥ ፈልጉ።»

ያንኑ ቀን ሆስፒታል አስተኟት። የእኔ ደም ከእሷ ጋር አልገጠመም። ከአንድ እናት ወጥተን እንዴት እንደማይገጥም ሊገባኝ አልቻለም፤ እንደ ልጅ አለቀስኩ። ወደ ዳባት ለሚወጣ ሾፌር ለባለቤቷ እንዲነግርልኝ መልእክት ሰጠሁት። ይመጣል ብዬ እርግጠኛ አልነበርኩም። ገብሱ የሚታጨድበት ሳምንት ነው፤ ደግሞም ደጋ ላይ ደሙን የሰጠ ወንድ ጉልበቱ ያልቃል ይባላል።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን መጣ። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ዱላውን ይዞ የክፍሉ በር ላይ ቆሞ አልጋዎቹን አንድ በአንድ ሲመለከት አየሁት። እህቴ ግሉኮስ ተሰክቶላት ተኝታ ነበር። አላወቃትም መሰለኝ፣ ካለፋት በኋላ ተመለሰ።

«አያ፣ ገብሱስ?» አልኩት፤ ሌላ የምለው አጥቼ።

«ገብስ ጎረቤት ያጭደዋል።» ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም። «የታለ የሚቀዳው?»

የእሱ ደም ገጠመ። መርፌው ሲገባ ጣሪያውን እያየ ዝም ብሎ ተኝቶ፣ ሲያልቅ ክንዱን አጥፎ ተነሣና «ይኸው ነው ሁሉ ነገሩ?» አለ። ያ ደም ጠብ ጠብ እያለ ወደ እህቴ ሲወርድ እሱ ዱላውን በጉልበቱ መሀል አድርጎ አልጋው ሥር ተቀምጦ ያይ ነበር። ማታ ላይ የጆሮዋ ጫፍ ቀላ ማለቱን ያየው እሱ ነው። «ጆሮሽ ተመለሰ» አላት።

ከእህቴ ቀጥሎ ባለው አልጋ ላይ ከጎንደር ወጣ ብሎ ባለው መንደር በወለቃ ሸክላ የምትሠራ ቤተ እስራኤል ወጣት ተኝታ ነበር። እህቴ ይህን ስታውቅ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ደጋ ላይ ስለ ሸክላ ሠሪ የሚወራውን ሰምታ አድጋለች፤ ዓይናቸውን ትፈራለች። እኔም ያደግሁት በዚያው ወሬ ነው፤ ከተማ ገብቼ ነው የተውኩት። አንድ ከሰዓት በኋላ እህቴ ውሃ ፈልጋ እጇ ኩባያው ጋ አልደርስ ሲል፣ ወጣቷ ከአልጋዋ ወርዳ ብድግ አድርጋ አስጠጣቻት። እህቴ ጠጣች፤ ሌላ ምርጫ አልነበራትም። ከዚያ በኋላ ግድግዳውን ማየት አስቸጋሪ ሆነ።

«አንቺስ ምን ሆነሽ ነው?» አለቻት።

«እንዳንቺው፣ እማማ። ደም። እኛ ዘንድ ሴት ደም ሲመጣባት ለብቻዋ ጎጆ ትገባለች፤ ሲቆምላት ታጥባ ትወጣለች። እኔ ከገባሁ መውጫ አጣሁ።»

እህቴ ቀና አለች። «እኔም ከቅጥር ውጪ ነኝ፤ መግቢያ አጣሁ» አለቻት።

የልጅቷ ነገር ከእህቴ የተለየ ነበር። ፅንስ ወርዶባት ሳይጠረግ የቀረ ነገር ኖሮ ነው ደሙ አልቆም ያላት። ማህፀኗን ጠርገው አጽድተውላት፣ መድኃኒት ሰጥተዋት፣ ሌላ ልጅ መውለድ እንደምትችል ነግረዋት ብዙ ሳትቆይ ወጣች። ስትሄድ የእህቴን ራስ በሻሽ አስራላት ሄደች። እህቴ «ምን ሸጋ ልጅ ናት» እያለች ቀኑን ሙሉ ስታወራላት ዋለች።

ክኒኑ መጀመሪያ ላይ ሠራ። ደሙ ቀነሰ፤ ቤቴ ተመለሰች፤ ባለቤቷም ወደ አጨዳው ሄደ። ደም የሚተካው ክኒን ሰገራዋን ስላጠቆረው ሌላ በሽታ የያዛት መስሏት ለቀናት ደብቃኝ፣ ሲስተሯ «መድኃኒቱ ነው» ስትላት ትንፋሿ መለስ አለ። የቀበሌው ሰው ደግሞ እንግዳዬን ሊጠይቅ መጥቶ «ጥርስ መንቀል ይህን ያህል ይፈጃል?» አለ። እህቴ መንጋጋዋን በነጠላዋ ይዛ «ሥሩ ጠልቆ ነው፣ ጌታው» አለችው። ሰውዬው አዝኖላት ሄደ።

ነገር ግን አንድ ቀን ጠዋት ደሙ እንደ ቀድሞው ወረደ። እንደገና ሆስፒታል ተኛች።

የአዲስ አበባው ውጤት የመጣው በዚህ መሀል ነው። ሐኪሙ ወደ ቢሮው ሲጠራኝ ልቤ ሌላ ነገር ነግሮኝ ነበር። ወንበሩን ሲያሳየኝ «መጥፎ ዜና ነው የሚቀመጡለት» ብዬ አሰብኩና ቆሜ ቀረሁ።

«ነቀርሳ አይደለም» አለ።

ያኔ ነው የተቀመጥኩት። ደገምኩት፤ «ክፉው አይደለም?»

«አይደለም። ዕጢ ነው፤ ትልቅ ነው፣ ደሟን ይጨርሳል። ግን አይገድላትም፣ ደሙን ካቆምንላት።»

ፊቴን በእጄ ሸፍኜ ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። ሐኪሙ አልቸኮለም፤ መስኮቱን ከፍቶ ወደ ውጪ ይመለከት ነበር።

ባለቤቷ እስኪመጣ ጠብቆ ሐኪሙ ለሦስታችንም አስረዳን። ማህፀን ማለት የተገለበጠች ትንሽ ቅል እንደምትመስል፣ ዕጢው ግድግዳዋ ውስጥ እንደበቀለ በጣቱ አሳያት። አንደኛው መንገድ እያረጠች ስለሆነ ክኒኑንና ደም የሚተካውን እየወሰዱ መጠበቅ ነው፤ ሲያርጡ ዕጢው ይሟሽሻል። ነገር ግን ክኒኑ ከዚህ በላይ አልያዘላትም፤ ማረጫዋም መቼ እንደሚሆን አይታወቅም። ሁለተኛው በኦፕራሲዮን ዕጢውን ብቻ አውጥቶ ማህፀኑን መተው ነው፤ ልጅ ለምትፈልግ ሴት ይመረጣል። ግን በኦፕራሲዮኑ ጊዜ ብዙ ደም ሊፈስ ይችላል፣ ዕጢውም ተመልሶ ሊበቅል ይችላል። ሦስተኛው ማህፀኑን ማውጣት ነው።

«ያን ጊዜ ደሙ ይቆማል፤ አይመለስም። መውለድም አይኖርም» አለ። ከዚያም ወደ ባለቤቷ ዞረ፤ «የእርስዎም ፈቃድ ያስፈልጋል።»

እህቴ መሬት መሬት ትመለከት ነበር። ሲስተሯ ማህፀኗ ሊወጣ እንደሚችል ቀድማ ነግራት ስለነበር፣ ማታ ለእኔ ብቻ የነገረችኝን አውቃለሁ፤ «ማህፀኔ ከወጣ እንደ ሴት አይቆጥረኝም፣ ሌላ ያመጣል» ብላ ነበር የምትፈራው።

ባለቤቷ ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «ከወጣ ትኖራለች?»

«ትኖራለች።»

«ቤቷ ትመለሳለች? እንደ ቀድሞዋ ትሆናለች?»

«ቁስሉ እስኪድን ከባድ ነገር አታነሣም። ከዚያ በኋላ አዎ።»

«እንግዲያ እኔን ለምን ትጠይቁኛላችሁ?» አለ። «ፈቃዴ እሷ እንድትኖር ነው። ሌላውን እሷን ጠይቋት።»

እህቴ ቀና ብላ አየችው። ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ ስታየው አይቻት አላውቅም።

ግን እሺ አላለችም። ጊዜ ስጡኝ አለች። በማግሥቱ ግቢው ውስጥ ፀሐይ እየሞቅን ሳለ ምክንያቱን ነገረችኝ። ወንድ ልጇን ለውትድርና ወስደውት ነበር። በየት ግንባር እንዳለ አታውቅም።

«ባይመለስ ብዬ ነው» አለችኝ። «አፌን ቁረጠው፣ ግን ባይመለስ ሌላ ልወልድ እችል ይሆናል እያልኩ ነበር የምጽናናው። ይኸን ካወጡት ያንን ማጽናኛ አብረው ነው የሚያወጡት።»

እጇን ያዝኩ። እሷ ራሷ ቀጠለች።

«ሌላ ብወልድስ እሱን አይሆንም። ደግሞ ይኸ ደሜ እየፈሰሰ ማንን እሸከማለሁ? ቤት ያሉት ሁለቱ እናት ይፈልጋሉ። እሱም ሲመጣ በሕይወት ያለች እናት ይፈልጋል።» ነጠላዋን አስተካከለች። «ሂጂና ለሐኪሙ ንገሪው። ያውጡት።»

ባለቤቷ ዳግም ደም ሰጠ፤ አንድ የእኔ ባልደረባ መምህርም ሰጠች። ኦፕራሲዮን የገባችው በጠዋት ነው። እኔና ባለቤቷ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ስንጠብቅ እሱ «አቡነ ዘበሰማያት»ን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ይደግማል፤ እየጨረሰ እንደገና ይጀምራል። እኔ ተማሪዎቼን፣ ያላረምኩትን ፈተና፣ ሌላ ሌላ ነገር ለማሰብ ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ሐኪሙ ሲወጣ ፊቱ ደክሟል፣ ግን ፈገግ ብሏል።

«በደህና አልቋል» አለ። «እንቁላል ማምረቻዎቿን አልነካንም፤ ስለዚህ ድንገት አታረጅም።»

ባለቤቷ ያንን ገለጻ የተረዳው አይመስለኝም። ጎንበስ ብሎ የሐኪሙን ጉልበት ሊስም ሲል ሐኪሙ ክንዱን ይዞ አስነሣው።

እህቴ ስትነቃ ከንፈሯ ደርቆ ነበር። በጥጥ አራስኩላት። ሹክ ያለችው ቃል አንድ ነው፤ «ቆመ?»

«ቆመ።»

ዓይኗን ጨፈነች። እንባዋ በሁለቱም ጎን ወደ ጆሮዋ ወረደ። እኔም አልጠረግሁላትም፤ እንዲወርድ ተውኩት። ለወራት ያልተነፈስኩትን ያህል ያን ቀን ተነፈስኩ።

ቁስሉ ትንሽ አመርቅዞ ነበር፤ መርፌ ተወጋችና ዳነ። ሲስተሯ እንስራ እንዳታነሣ፣ እንዳትፈጭ፣ ከባለቤቷም ለጊዜው ተለይታ እንድትተኛ ስትነግራት እህቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎተተች። የመጨረሻዋን ነገር ለባለቤቷ የነገርኩት እኔ ሆንኩ፤ በጣም አፈርኩ። እሱ ግን «የታዘዘው ይፈጸማል» ብሎ አሳረፈኝ። ደጋ ሲመለሱም ውሃውን ራሱ ይቀዳ ነበር አሉ። ወንድ እንስራ አዝሎ ሲያዩት መንደሩ ለጊዜው ሌላ ወሬ አልነበረውም።

ልሸኛቸው ማኪና ላይ አብሬያቸው እስከ ወለቃ ሄድኩ። እህቴ ሾፌሩን አስቁማ ወጣቷን በመንገድ ዳር ሸክላዎቿ መሀል አገኘቻት። ተቃቅፈው ተሳሳሙ። እህቴ በፊት ከእሱ ውሃ ለመጠጣት እንኳ የፈራችውን እጅ ይዛ አልለቅ አለች። ልጅቷ ደህና ነበረች፤ ከጎጆው ወጥታ ከሰው ጋር ተቀላቅላለች።

በፋሲካ ሄጄ ስጠይቃት እህቴ ቀልታ፣ ወፍራ አገኘኋት። ቤተ ክርስቲያን ገብታ ሥጋ ወደሙ ተቀብላለች። የልጅ ልጇን ጭኗ ላይ አድርጋ እንዴት እንደገባች ነገረችኝ፤ ከደጀ ሰላሙ ስታልፍ መድረኩን ተሳለመች፣ ሴቶቹም ቦታ ለቀቁላት። ባለቤቷ ሌላ አላመጣም። ከደጅ መደቡም ተነሥቷል። ወንድ ልጇ ከብዙ ጊዜ በኋላ ከሰሜን ግንባር አንድ ጆሮው ደንቁሮ፣ በሕይወት ተመለሰላት።

ከዚያ በኋላ ቤቴ የደጋ ሴቶች ማረፊያ ሆነ። በገበያ ቀን በር ይንኳኳል፤ የማላውቃት ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «እህትሽ ናት የላከችኝ፤ ጥርሴን ነው» ትለኛለች። ይገባኛል። ወደዚያችው ሲስተር እወስዳታለሁ። አንዳንዷ ክኒን ይዛ ትመለሳለች፣ አንዳንዷ ተጠርጋ ትድናለች፣ ኦፕራሲዮን የሚያስፈልጋትም ነበረች። አንዲት ሴት ግን ከመምጣቷ በፊት በጣም ዘግይታ ስለነበር ልትድን አልቻለችም፤ እሷን ዛሬም አስባታለሁ።

እኔም ዕድሜዬ ሲደርስ ደሜ ከልኩ በላይ ሆነ። አልጠበቅሁም፤ አልደበቅሁም፤ በወሩ ሆስፒታል ሄድኩ። መረመሩኝና ዕጢ የለም፣ የዕድሜ መለዋወጥ ነው ብለው ክኒን ሰጡኝ፤ እሱኑ ወስጄ ዳንኩ። ለእህቴ ስነግራት ከት ብላ ሳቀች።

«አንቺማ ከድሮም ቀላሉ ነው የሚደርስሽ» አለችኝ። «እንስራውን እኔ፣ ደብተሩን አንቺ።»